ነጃሺ አስሐማ፦ ለተሰደዱ ቤተሰቦች መጠጊያ የሆኑ ንጉሥ

ዐረቦች ነጃሺ የሚሏቸው የሐበሻው ንጉሥ አስሐማ፣ ቤት ማጣትን በልጅነታቸው እንደቀመሱ የሲራ መጻሕፍት ይተርካሉ። አባታቸው ተገድለው፣ እርሳቸውም ለነጋዴ በባርነት ተሸጠው ነበር፤ አጎታቸው በመብረቅ ሲሞቱ ግን ሕዝቡ መልሶ አነገሣቸው።

እ.ኤ.አ. በ615 በመካ መከራ የጸናባቸው ሙስሊሞች ከሹዐይባ ወደብ ተነሥተው ቀይ ባሕርን በመሻገር ግዛታቸው ደረሱ። ዑስማን ኢብን ዐፋን ከባለቤታቸው ከሩቅያ ጋር ቀድመው መጡ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና አስማ ቢንት ዑመይስም እንዲሁ ተሰደዱ። ቁረይሾች ስጦታ ልከው ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ንጉሡ የሁለቱንም ወገን ቃል ከሰሙ በኋላ ስጦታውን መለሱ፤ እንግዶቻቸውንም አሳልፈው አልሰጡም።

መጠጊያው ለዓመታት ዘለቀ። ባልና ሚስት ሳይለያዩ፣ እምነታቸውን ሳይደብቁ ኖሩ፤ የጃዕፈርና የአስማ ልጅ ዐብደላህም በሐበሻ ምድር ተወለደ። ጃዕፈር ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ መዲና የተመለሱት በ628 ነበር። ንጉሡ በ630 ሲያርፉ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሆነው ሰገዱላቸው።

ከጂዛን ዳርቻ የሚታየው ባሕር ያው ባሕር ነው። ቤት ላጣ ቤተሰብ መጠለያ ለሚያዘጋጅ ሁሉ የንጉሡ ሥራ መለኪያ ይሆናል፦ ወላጅና ልጅን አለመለያየት፣ ደኅንነትን መጠበቅ፣ እንደገና እስኪቋቋሙም ጊዜ መስጠት።