ሻምበል አበበ ቢቂላና የውድድር ሜዳ ወዳጆቹ

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ማሸነፉን የእኛ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ብዙም የማይወራለት በውድድር ሜዳ ያገኘው ወዳጅነት ነው። ነገ በየገጠሩ ለምንበተን ዕጩ መምህራን ግን ከሜዳሊያው ይልቅ ይኸኛው ይጠቅመናልና ሕይወቱን በዚህ በኩል ባጭሩ እንመልከት።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። እንደ ጎጃም የገበሬ ልጅ ሁሉ እሱም ከብት እየጠበቀ፣ ገና እየተጫወተ አደገ። ሲጎለምስ አዲስ አበባ ገብቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። እዚያም ስዊድናዊውን አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንን አገኘ። አንዱ የሩጫ ስልት አስተማረ፣ ሌላው የደገኛ ጽናት አሳየ። ወዳጅነታቸውም ሮምና ቶኪዮ ካለፉ በኋላ ቀጠለ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ሌሎቹ ሯጮች ወደ ኋላ ሲቀሩ ከፊት ሁለት አፍሪካውያን ብቻ ቀሩ፤ አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም። በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን፣ ጎን ለጎን ሮጡ። ፋሺስቶች ዘርፈው ሮም ላይ ወዳቆሙት የአክሱም ሐውልት ሲደርሱ አበበ ፍጥነቱን ጨመረና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አንደኛ ወጣ። ራዲ በ25 ሰኮንድ ተከተለው። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

በ1953 ዓ.ም. ጃፓን ሄዶ የኦሳካን ማራቶን አሸነፈ። አንድ የጃፓን ጫማ ሠሪ ጫማ አድርጎ እንዲሮጥ ያግባባው ያኔ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲሰለፍ ለጃፓናውያን ባዕድ አልነበረም። ትርፍ አንጀቱን በኦፕራሲዮን ካወጣ 40 ቀን እንኳ አልሞላውም! ያም ሆኖ ሁለተኛውን ሯጭ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ፤ ሜዳው ላይም ጂምናስቲክ ሲሠራ የስታዲዮሙ ሕዝብ በጭብጨባ አደነቀው። የራሳቸው ልጅ ኮኪቺ ትሱቡራያ ሦስተኛ ነበር፤ ያ ግን ጃፓኖችን እንግዳቸውን ከማክበር አላገዳቸውም።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሕመም ከውድድሩ አስወጣው፤ ድሉን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አበበ በሚነዳት መኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚያ ሆስፒታል ከናዚ ጀርመን ተሰዶ የመጣው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1940 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን ውድድር መሥርቶ ነበር።

አበበ ታዲያ ምን አደረገ? በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት አነሳ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ከየአገሩ ከመጡ ጉዳተኞች ጋር ተወዳደረ። ኋላም ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሳለ ተወዳዳሪ ሆነና በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ቀደመ። በረዶ የማያውቅ አገር ልጅ የበረዶን አገር ጨዋታ ከባለቤቶቹ ተምሮ አሸነፋቸው ማለት ነው! በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገኝ የዚያን ዓመት የማራቶን አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን እንደተቀበለ ሄዶ ጨበጠው።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ጓደኞች፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ልጆች ኳስ ሲገጥሙ ምን እንደምንሰማ እናውቃለን። ጨዋታው ሳያልቅ ስድብ ይጀመራል፤ አንዳንዴም ድንጋይ ይነሳል። በየት/ቤቱ ደግሞ እግሩ የተጎዳ ልጅ አለ፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የጓደኞቹን ልብስ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ሁለቱንም ማስተካከል የመምህሩ ሥራ ነው። ከወምበርማም ሆነ ከደምበጫ ለውድድር የመጣው ቡድን ከግጥሚያው በኋላ ካስተናጋጆቹ ጋር አንድ መሶብ ይቅረብ፤ ቀጣዩንም ጨዋታ ተደባልቀው ይጫወቱ። ለዛፍ ሥሩ ልጅም እጁ የሚችለው ጨዋታ ይፈለግለት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የመምህሩን ሐሳብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ፍኖተ ሰላም ማለትም እኮ የሰላም መንገድ ማለት ነው።