አልፍሬድ ኢልግ፤ የኢትዮጵያን ምድር ባቡር የጠነሰሱት መሐንዲስ

የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ታሪክ ሲነሣ፣ በቅድሚያ ከሚጠቀሱት ሰዎች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ከዚህ በታች የተገለጹት ዓመታት፣ ከአዋጁ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢልግ በ1854 በፍራውንፌልድ ከተማ ተወልደው በዙሪክ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ተምረዋል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የአውሮፓ ባለሙያ ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ ከሁለት የአገራቸው የእጅ ባለሙያዎች ጋር ተጉዘው በ1879 አንኮበር ደረሱ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ በመሥራትና ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የመጠጥ ውኃ በቧንቧ በማስገባት በንጉሡ ዘንድ ታላቅ እምነትን አተረፉ። በሕዝቡም ዘንድ ሙሴ ኢልግ ተብለው ይታወቁ ነበር።

በዚያን ዘመን ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር ዕቃ የሚጓጓዘው በግመልና በበቅሎ ሲሆን፣ ጉዞው ሳምንታትን ይፈጅ ነበር። ኢልግም ለዚህ ችግር መፍትሔው የባቡር ሐዲድ መሆኑን አምነው ዐፄ ምኒልክን ሲያማክሩ ቆዩ። በመጨረሻም መጋቢት 9 ቀን 1894 ለ99 ዓመት የሚጸና የኮንሴሲዮን ውል ተፈቀደላቸው። ውሉ መስመሩን በሦስት ክፍል ከፍሎታል፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ሌኦን ሼፍኔ ጋር በመሆን በ1896 ኩባንያውን አቋቋሙ። በ1897 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆነው ተሾሙ።

ሥራው በዚያው ዓመት ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውኃ አይንቀሳቀስም፤ የጅቡቲ ጠረፍ ግን ውኃ የራቀው በረሃ በመሆኑ ግንባታውም ሆነ ጉዞው ብርቱ ችግር ገጠመው። የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው ከባድ ስለነበር መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በ1902 የደረሰበት ሥፍራም ድሬዳዋ የተባለችውን ከተማ አስገኘ።

በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ድጎማ በመስጠት የመቆጣጠር ሥልጣን የሚያገኝበትን ስምምነት ፈረመ። ዐፄ ምኒልክ ይህን የአገራቸውን ሉዓላዊነት የሚነካ አድርገው በመመልከታቸው መስመሩ ከድሬዳዋ እንዲያልፍ አልፈቀዱም። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪም የኩባንያው መሥራችም የሆኑት ኢልግ በሁለቱ መካከል ተያዙ። በ1906 ኢትዮጵያን ለቀው ሄዱ፤ በተከታዩ ዓመትም ኩባንያው ከሠረ።

በ1908 የተቋቋመው አዲሱ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። ሐዲዱ በ1915 አቃቂ ሲደርስ፣ ዐፄ ምኒልክ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር። ኢልግም በጥር ወር 1916 ዙሪክ ውስጥ ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 በመሆኑ፣ ፈቃዱን የሰጡትም የተቀበሉትም ፍጻሜውን ለማየት አልታደሉም።

784 ኪሎ ሜትር ርዝመት የነበረው ይህ መስመር በ1950ዎቹ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ባቡር ተሸጋገረ። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሲመረቅ፣ የአሮጌው ሐዲድ አገልግሎት በአብዛኛው ተቋርጦ ነበር። ሆኖም በ1929 የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ፣ የድሬዳዋ ጣቢያና የጥገና ማዕከል፣ በየመንገዱ ያሉት ድልድዮችና ትናንሽ ጣቢያዎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። የለገሃር ሰፈር ስሙን ያገኘው ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

እነዚህን የመሰሉ ቅርሶች የሚጠበቁት በመንግሥት ጥረት ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በዜጎችም ላይ ኃላፊነት ይጥላል። ቅርስ በይዞታው የሚገኝ ማንኛውም ሰው በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የጥገና ሥራ ለማከናወንም አስቀድሞ ሥልጣን ያለውን አካል ማስፈቀድ ይኖርበታል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባዋል። ስለሆነም አሮጌ የባቡር ዕቃ፣ ሰነድ ወይም ፎቶግራፍ ያላቸው ዜጎች ከመሸጣቸው ወይም ከማስወገዳቸው በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ወይም በአካባቢያቸው የሚገኘውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያማክሩ፣ ኢልግ የጠነሰሱት ሥራ ታሪክ ለመጪው ትውልድ እንዲተላለፍ ያግዛሉ።