እስከ መጨረሻው ያገለገለ ቫዮሊን መቺ

አንባቢ ሆይ፥ በክረምት በተፍኪ ሜዳ ላይ የሚተኛውን ውኃ ብቻ ያየህ እንደ ሆነ፥ የውቅያኖስን ስፋት በልብህ መገመት ይቸግርህ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ስፋት ላይ ታምኖ ስለ ተገኘ አንድ ሰው ስማ።

ዋላስ ሃርትሊ በ1870 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኮልን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በጸሎት ቤት የመዘምራን አለቃ ነበረና ልጁም በዚያው እየዘመረ አደገ፤ ቫዮሊንም መምታት ተማረ። በኋላም ሉሲታኒያና ሞሪታኒያ በሚባሉ ታላላቅ መርከቦች ላይ ለመንገደኞች መጫወት እንጀራው ሆነ። የሚያገባትንም ልጅ አጭቶ ሳለ የታይታኒክ ሙዚቀኞች አለቃ ተባለ። ሙዚቀኞቹን የቀጠሩአቸው የሊቨርፑል ወኪሎች ነበሩ፤ ወደ መርከቡም የገቡት በሁለተኛ ማዕረግ ቲኬት፥ እንደ መንገደኛ ተቈጥረው ነው።

በ1904 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ለ7 አጥቢያ ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨ። ጀልባዎቹ ለሁሉ አይበቁም ነበርና ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሃርትሊና ሰባቱ ባልንጀሮቹ ግን ሕዝቡ እንዳይሸበር ይጫወቱ ነበር፤ ከስምንቱም አንድ አልተረፈም። የመጨረሻው ዜማ የትኛው እንደ ነበረ የተረፉት ሰዎች አልተስማሙም፤ ሙዚቀኞቹ በጭንቅ ሰዓት መጫወታቸውን ግን ብዙዎች መስክረዋል።

ከዚህ በኋላ ወኪሎቹ ከሙዚቀኞቹ የአንዱን አባት ስለ ሟቹ ልጁ የደንብ ልብስ ዕዳ ክፈል አሉት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የሰው ዋጋ እንዲህ አጭር ነው። አንተም በመሥሪያ ቤትህ ወይም በትምህርትህ አለቃ በማያይህና አመስጋኝ በሌለበት ሰዓት ባልንጀራህን አገልግል፤ እግዚአብሔር ያያልና።