ዋሽንትን ከኦርኬስትራ ያገናኙት አሸናፊ ከበደ

ክላሲካል ሙዚቃን በቀን አንድ ሥራ እያዳመጠ መልመድ የሚሻ የወልድያ ወይም የመርሳ ነዋሪ፣ ከቤትሆቨን በፊት ከአገሩ ልጅ ቢጀምር ይቀለዋል። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ።

ከሥራዎቻቸው ለአርሶ አደሩ ጆሮ ይበልጥ የሚቀርበው «ዋሽንተኛው እረኛ» ነው። ብዙዎች ዋሽንትን የከብት ጠባቂ መጫወቻ ብቻ አድርገው በሚያዩበት ዘመን፣ እርሳቸው የእረኛውን ዜማ ለፍሉት ሰጥተው በባለ ክር መሣሪያዎች አሳጀቡት። በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ ራሳቸው እየመሩ አስደመጡት። በሀብሩ ኮረብታዎች ከብት ሲያግድ ዋሽንት የነፋ ሰው የዜማውን ለዛ አይስተውም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎችን ስም መያዛቸውም መቼም የሚዘነጋ አይደለም።

አሸናፊ በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ባቀረቡት ጥናት ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምሩ ቆይተው በ1998 እዚያው አረፉ። ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ክራርንና ማሲንቆን ከፒያኖ ጋር ያስተምራል።