ከሟች ቤተሰብ አንዱ ፈረስ ነበር

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አጨራረስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሰውየው የት እንደተወለዱ፣ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ይነገርና፣ መጨረሻ ላይ ባለትዳርና የዚህን ያህል ልጆች አባት እንደነበሩ ተነግሮ ወረቀቱ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1947 አሜሪካ፣ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ያረፉ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ የሞት ዜና ግን እዚያ ላይ አላበቃም። የፈረስ ሰዎች የሚያነቡት መጽሔት፣ ሟች ሚስታቸውን፣ ስድስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን ትተው እንዳለፉ ከጻፈ በኋላ አንድ ስም ጨመረ፤ ማን ኦ ዎር።

ማን ኦ ዎር ፈረስ ነው።

ይህችን ነገር መጀመሪያ ያነበብኳት ታክሲ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሰው እንዴት ሆኖ ቢኖር ነው ፈረስ ከልጆቹ ተርታ ሐዘንተኛ ተብሎ የሚቆጠርለት?

ሰውየው ዊል ሃርበት ይባላሉ። እኔ አቶ ዊል እላቸዋለሁ፤ በአንቱታ። ምክንያት አለኝ። በእሳቸው ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ነጮች ጥቁርን ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ በስሙ ብቻ ነበር የሚጠሩት። አቶ የሚለው ማዕረግ ለነጭ የተተወ ነበር። እኛ አንቱ ብንላቸው ምንም አይጎድልብንም።

በቅድሚያ ግን ፈረሱ። ማን ኦ ዎር የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1917 ሌክሲንግተን ከተማ አጠገብ ነው። አሳዳጊው ኦገስት ቤልሞንት የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ፤ በስተርጅና ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምቱ ሚስታቸው ለውርንጭላው በድሮ የጦር መርከብ መጠሪያ ስም አወጡለት። ጦርነቱ ሲበረታ ፈረሶቹ ተሸጡ። ሳሙኤል ሪድል የተባሉ ሰው በ1918 ይህን ዳማ ፈረስ በ5,000 ዶላር ገዙት። ኮርቻ ማስለመድ ራሱ ትግል ነበር፤ እልኸኛ ነው፣ ሰው አይሰማም።

ከዚያ ያደረገውን ስሙ። በሁለት ዓመት ውስጥ 21 ጊዜ ሮጦ 20 ጊዜ አሸነፈ። የተሸነፈው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በኦገስት 1919። ያሸነፈው ፈረስ ስሙ አፕሴት ነበር፤ ትርጉሙም ያልታሰበ ሽንፈት ማለት ነው (ከኪሴ አውጥቼ የጨመርኩት አይደለም!)። በ1920 ቤልሞንት በተባለው ትልቅ ውድድር ተከታዩን በ20 ፈረስ ርዝመት ጥሎት ገባ። በሌላ ውድድር ልዩነቱ ወደ 100 ፈረስ ርዝመት ደረሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ካናዳ ሄዶ ሰር ባርተን የሚባለውን ሻምፒዮን ከረታ በኋላ ከሩጫ ተሰናበተ። በሩጫ ያስገባው ገንዘብ 249,465 ዶላር ነው፤ በዘመኑ ጉድ የተባለለት። ከዚያ በኋላ ሥራው ዘር ማፍራት ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አቶ ዊል በዚህ ሁሉ ውስጥ የሉም። አልጋለቡትም፣ አላሰለጠኑትም። ወደ እሱ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ነው፤ ፈረሱ 13 ዓመት ሞልቶት፣ ከሩጫ ከወጣ አሥር ዓመት ሲሆነው። ፋራዌይ በሚባለው የፈረስ እርባታ፣ ሌክሲንግተን አጠገብ፣ የድንጉላው ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። መኖሪያቸው ማዶክስታውን ነበር፤ ባርነት ከቀረ በኋላ ነጻ የወጡ ጥቁሮች የመሠረቷት ትንሽ መንደር።

አንድ ጥቁር የፈረስ ሰው ለምን ጋላቢ ሳይሆን ጠባቂ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። የኬንታኪ ደርቢ የሚባለው ታላቅ ሩጫ በ1875 ሲጀመር ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። የመጀመሪያውን ደርቢ ያሸነፈው ኦሊቨር ሉዊስ ጥቁር ነበር። አይዛክ መርፊ ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ጂሚ ዊንክፊልድ በ1901 እና በ1902 ደጋገመው። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ደርቢን ያሸነፈ ጥቁር አሜሪካዊ ጋላቢ የለም። ገንዘቡና ዝናው ሲበዛ ነጮቹ ጋላቢዎች ጥቁሮቹን ገፍተው አስወጧቸው። ዊንክፊልድ ራሱ አገር ለቆ ሩሲያ ሄዶ ጋለበ። ኮርቻው ሲነጠቅ ለጥቁሩ የቀረለት ጋጣው ነበር፤ መመገብ፣ መቦረሽ፣ ሰኮና ማጽዳት፣ ፋንድያ መጥረግ።

አቶ ዊል ከዚያ ጋጣ ውስጥ ሆነው ያደረጉት ነገር ነው እኔን የገረመኝ።

ፈረሱን ለማየት ሰው ይጎርፍ ነበር። በመኪና፣ ከየግዛቱ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ። ኬንታኪ የሄደ ሰው ማን ኦ ዎርን ሳያይ አይመለስም። አቶ ዊል በሩን ይከፍቱና ታሪኩን ከውልደቱ ጀምረው ይተርኩታል፤ ማን እንደገዛው፣ ስንት ፈረስ እንደረታ፣ ምን ያህል ክብረወሰን እንደሰበረ፣ ልጆቹ የት የት እንዳሸነፉ። እኛ ጋ ይህ ነገር ስም አለው፤ ፉከራ ነው። የእኛ ነገሥታት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። አቶ ዊልም፣ በኔ ግምት፣ ሳይሾሙ የፈረስ ስም ያገኙ ሰው ናቸው። ልዩነቱ፣ ሲፎክሩ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አይናገሩም፤ ሁሉም ለፈረሱ ነው። አሜሪካ የነበሩት የእንግሊዝ አምባሳደር ሎርድ ሃሊፋክስ አንድ ቀን መጥተው ቆመው ሙሉውን ሰሙ። ሲጨርሱ፣ ይህን ለመስማት የዓለምን ግማሽ ዞሮ መምጣት ቢያስፈልግም አይቆጭም አሉ ይባላል። አስቡት፤ አምባሳደሩ ዝም ብሎ አድማጭ፣ የፈረስ ጠባቂው ተናጋሪ።

በሴፕቴምበር 1941 ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት የተባለው የአሜሪካ ታላቅ መጽሔት ሽፋኑ ላይ የሁለቱን ፎቶ አወጣ። ፈረሱና አቶ ዊል፤ ባለቤቱ ሪድል የሉም። ያን ጊዜ ጥቁር ሰው እንዲህ ባለ መጽሔት ሽፋን ላይ ማየት የተለመደ አልነበረም። ይሁንና ያ ሽፋን በወጣበት ጊዜ ኬንታኪ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል እንዳይማሩ በሕግ የከለከለች ግዛት ነበረች። አቶ ዊል ለዚያ ሁሉ ነጭ እንግዳ በር ሲከፍቱ፣ ለልጆቻቸው የተዘጋው በር ብዙ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፣ ታዲያ ይህ ፍቅር ነው ወይስ ሎሌነት ብሎ ይከራከራል። ጓደኛዬም እንደዚያ ብሎኛል፤ የሀብታም ንብረት ሲያጌጡ ኖሩ፣ በቃ አለኝ። አልተስማማሁም። ፈረሱ የሪድል መሆኑ በወረቀት ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን፣ ጠዋት ጋጣው ሲከፈት የማንን ኮቴ ይጠብቅ እንደነበር መጠየቅ ይበቃል። በሩጫው ዘመን ሰው አስቸግሮ የነበረ ድንጉላ፣ እንግዳ ሲሰበሰብ አቶ ዊል ገመዱን ይዘው ሲያወጡት ይቆማል። ይህ በደሞዝ አይገኝም። በየቀኑ ደጋግሞ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል፣ በመገኘት ብቻ የሚመጣ ነው።

ፈረሱ በ1943 በልብ ሕመም ምክንያት ዘር ማፍራቱን አቆመ። አቶ ዊልም በ1946 ታመው ከጋጣው ቀሩ። ሌላ ሰው ተተካ። ከዚያ እሳቸው በኦክቶበር 1947 ሞቱ፤ ያ የሞት ዜናም ያኔ ወጣ። ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 1 ቀን፣ ማን ኦ ዎር በ30 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ።

ፈረሱ በሐዘን ሞተ የሚለው ወሬ ወዲያው ተነዛ፤ እስከ ዛሬም ይነገራል። እውነቱን ለመናገር 30 ዓመት ለፈረስ ትልቅ ዕድሜ ነው፤ ልቡም ቀድሞ ታሟል። ወሬውን ግን ሕዝቡ ለምን እንደፈለገው ይገባኛል። የሁለቱን ስም ነጥሎ መጥራት አልቻለማ!

የፈረሱ ቀብር የንጉሥ ነበር። አስከሬኑ በመድኃኒት እንዳይበሰብስ ተደርጎ፣ የባለቤቱ ጥቁርና ቢጫ ቀለም በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሕዝብ ተሰናበተው። ወደ 2,000 ሰው ተገኘ፤ ሥነ ሥርዓቱ በሬዲዮ ተላለፈ፤ ንግግር አድራጊዎች ተራ በተራ ተነሱ። ሕይወቱን ከሁሉም አብልጦ መተረክ የሚችለው ሰው ግን ከጥቂት ሳምንት በፊት ተቀብሯል።

የአቶ ዊል ልጅ ቶም ሃርበትም የፈረስ ሰው ሆነ። በ1962 ተች ባር የተባለ ፈረሱ ኬንታኪ ደርቢ ላይ ሮጠ። ቶም ግን ጥቁር ስለሆነ፣ ፈረሱ ሜዳው ላይ እየሮጠለት፣ ትሪቡን ላይ መቀመጥ አልተፈቀደለትም። የቶም የልጅ ልጅ በ2020 ኔከር አይላንድ የተባለ ፈረስ በሽርክና ይዞ እዚያው ደርቢ ላይ አሰለፈ። ያ ዓመት ኮሮና ነበርና ትሪቡኑ ባዶ ነበር፤ ተመልካች ማንም አልገባም።

ማን ኦ ዎር ዛሬ ያረፈው ሌክሲንግተን በሚገኘው የኬንታኪ የፈረስ ፓርክ ነው። መቃብሩ ላይ የነሐስ ሐውልቱ ቆሟል፤ ፈረሱ ብቻውን። የመጽሔቱን ሽፋን ግን ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ። እዚያ አብረው ናቸው፤ አቶ ዊል ገመዱን ይዘዋል።