ጭቃ ያናገሩት ሴት

አሶሳ ገበያ ላይ ከሚሸጡት ማሰሮዎች አንዱ ከስድስት ሺህ ዓመት በኋላ ተቆፍሮ ቢወጣ፣ ሻጯም የለች፣ ጽሑፍም የለበት፣ ምን ተብሎ ይዘገባል? ምንጩ አይናገርማ! ፕሮፌሰር ማሪያ ጊምቡታስ ግን ዕድሜያቸውን የፈጁት እንዲህ ያለውን ምንጭ ለማናገር ነበር።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1921 የዛሬዋ ሊትዌኒያ ዋና ከተማ በሆነችው በቪልኒየስ ነው። አባትም እናትም ሐኪሞች ነበሩ። እሳቸው ግን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ የባላገሩን ዘፈንና ተረት መሰብሰብ ጀመሩ። ሊትዌኒያ ክርስትናን የተቀበለችው በ1387 ስለሆነ ዕድል ወሳኟ ላይማና የምድር እናቷ ዠሚና ከገበሬው አፍ ገና አልጠፉም ነበር። በኋላ ለተናገሩት ሁሉ ሥሩ ይኼ ይመስለኛል።

በ1944 ጦርነቱ ሲጠጋ ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ከባላቸው ጋር ተሰደዱ። በ1946 ጀርመን ውስጥ ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በ1949 አሜሪካ ገቡ። ሃርቫርድ ሠርተው በ1963 ወደ ሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

ከ1967 እስከ 1980 በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ሲያስቆፍሩ ትንንሽ የሸክላ ሴቶች በብዛት ይወጡላቸው ጀመር። ሰዉ በሰላም እየኖረ አንዲት ታላቅ እንስት አምላክ ያመልክ ነበር፣ ኋላ ከጥቁር ባሕር ሰሜን የመጡ ፈረሰኞች ያንን ዓለም አፈረሱት አሉ። የ1974ቱ መጽሐፋቸው ርዕስ ወንዶቹን አማልክት ያስቀድማል፤ በ1982 ሲታተም ሴቶቹ ቀደሙ።

ሙያተኛው ግን አላመነም። ምስሉ አሻንጉሊት ቢሆንስ? የጎረቤት ሴት ብትሆንስ? ከጠያቂዎቹ መካከል ሴት አርኪዮሎጂስቶችም ነበሩ። እኔም ወደነሱ አደላለሁ። የእኛዋን እንኳ እንይ፦ አክሱም አጠገብ ሐውልቲ የተገኘችው፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የተቀመጠችው የድንጋይ ሴት የሳባ ጽሑፍ ከነበረበት ዘመን ናት። እሷም ቢሆን አምላክ ትሁን ንግሥት ወይስ ስለት ያስገባች ምእመን፣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም።

ፕሮፌሰሯ በ1994 አርፈው ካውናስ ተቀበሩ። በ2015 የጥንት አጥንቶች ዲኤንኤ ሲመረመር ከዚያ የሣር ሜዳ ብዙ ሕዝብ ወደ መካከለኛውና ሰሜን አውሮፓ መፍለሱ ታወቀ። ስለ እንስቷ አምላክ ዲኤንኤው የሚለው ነገር የለም። ስለ ፍልሰቱ ግን ለዓመታት የተሟገቷቸው እንግሊዛዊው ኮሊን ሬንፍሩ በ2017 አደባባይ ወጥተው ትክክል ነበሩ ሲሉ መሰከሩላቸው። እሳቸው ካረፉ 23 ዓመት አልፏቸው ነበር።