የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን እና ነጋድራስ አፈወርቅ

በሽኩና ኣሌፍ በየቤቱ አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ አለ። ልጁ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ታቅፎ ከሲፍሪያ ይመጣል። ሰባት መቶ ገጽ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የጠፈር መርከብ ወይም ሁለት ጨረቃ የወጣበት ሰማይ አለ። ይኸኛው ሲያልቅ ሁለተኛው ክፍል ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ አንዳንዴ እስከ አሥረኛው። እናት ራት ቀረበ ብላ ትጣራለች፣ አይሰማም። አባት ደግሞ ይኸ ሁሉ ውሸት ለባግሩት ምን ይረባሃል ይላል። ልጁም በዕብራይስጥ ይመልሳል፣ አባት ግማሹን ይሰማል፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። እስከሚቀጥለው ቀን ማለታችን ነው።

ለዚህ ዓመት መጽሔት ስንሰበሰብ ይኸው ነገር ተነሣ። ከመካከላችን አንዷ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በአማርኛ ምን ይሉታል ብላ ጠየቀች። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይባላል አልናት። ልብ ወለድ የሚለውስ ከየት መጣ ስትል ግን ሁላችንም ዝም አልን። የቃሉን መነሻ ስንፈልግ አንድ ሰው ላይ ደረስን፣ የሰውየው ኑሮ ደግሞ ራሱ ልብ ወለድ የሚመስል ሆኖ አገኘነው። ደስ የሚል ብቻ ግን አይደለም፤ አስቀድመን እንናገር።

ሰውየው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። በ1868 ከጣና ሐይቅ ዳር ዘጌ ላይ ተወለዱ። ዘጌ ቡናና ገዳም የበዛበት ምድር ነው፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ የጎንደር ሰዎች ስለሆኑ ጣናን እኛ ለነሱ አንነግራቸውም። አፈወርቅ ገና በወጣትነታቸው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገቡ፣ በ1887ም ሥዕል እንዲማሩ ወደ ጣልያን አገር፣ ወደ ቱሪን ከተማ ተላኩ። እስቲ አስቡት፤ ባቡርም ሆነ የመንገድ መብራት አይተው የማያውቁ ወጣት አንድ ቀን ቱሪን ላይ ተገኙ። ከኛ መካከል አያቶቻቸው ከአውሮፕላን ወርደው ኤሌክትሪክ ምድጃ እንዴት እንደሚለኮስ የተማሩ ልጆች ይኸን ለመገመት አይቸገሩም።

ተመልሰው እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሣሉ፣ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር ግን አልተስማሙም። በ1894 እንደገና ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። እዚያ ሳሉ ኢትዮጵያና ጣልያን ተጣሉ፣ ዓድዋ መጣ። አፈወርቅ ያን ጊዜ የቆሙት ከጣልያን ጋር ነው። አገራቸው በ1896 ስታሸንፍ እሳቸው ከተሸናፊው ወገን ነበሩ፣ ስማቸውም ከሃዲ ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ይኸን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሰውየውን አንቱ እንበል ወይስ አንተ ብለን ተከራክረናል። አገሩን የከዳ ሰው ምን አንቱታ ይገባዋል ያለ ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈው ሐሳብ ግን ቀላል ነው፤ እኛ ቤት አያት የሚሆን ሰው ምንም ቢያጠፋ አንተ አይባልም። ጥፋቱን እንናገራለን፣ አንቱታውንም አንነሳም።

ከዓድዋ በኋላ አፈወርቅ ጣልያን አገር ቀሩ። ጣልያናዊት አገቡ፣ ከ1902 ጀምሮ ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ አሳተሙ። በ1908 ደግሞ ሮም ላይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አወጡ። በአማርኛ ከዚያ በፊት የነገሥታት ታሪክ፣ የጸሎትና የሃይማኖት መጽሐፍ፣ የሚስዮን ትርጉም ነበር። ይኸኛው ግን አንዱም አልነበረም። ከመቶ ገጽ አይበልጥም፤ ያልሆነ ነገር እንደ ሆነ አድርጎ ይናገራል፣ ይኸንንም አይደብቅም። ርእሱ ላይ ልብ ወለድ ታሪክ ብለው ጻፉበት፣ ልብ የወለደው ታሪክ ማለታቸው ነው። መጽሐፉን ሰው በኋላ በጀግናዋ ስም ጦቢያ እያለ ጠራው። የርእሱ ሁለት ቃላት ግን የመጽሐፍ ዓይነት ስም ሆነው ቀሩ። ልጆቻችን የሚያነቡት የማርስና የጋላክሲ ታሪክ ሁሉ አማርኛ ላይ ሲደርስ የሚጠራው በዚያች ትንሽ መጽሐፍ ርእስ ነው።

አሁን ታሪኩን ስሙ፤ ለመጽሐፍ ሌባ የሚሆን ልጅ ቤታችሁ ካለ ደግሞ እሱንም ጥሩት። የክርስቲያኑ ንጉሥ የጦር አለቃ ጦርነት ላይ ይማረካል፣ እንደ ባሪያም ይሸጣል። አንድ ደግ ነጋዴ በገንዘቡ ነፃ ያወጣዋል፣ ስሙንም ሳይናገር መንገዱን ይቀጥላል። አለቃው ሁለት መንታ ልጆች አሉት፣ ዋሕድ የሚባል ወንድና ጦቢያ የምትባል ሴት፤ መልካቸው የማይለይ። ዋሕድ አባቱን ያዳነውን ሰው ፈልጌ ውለታውን እመልሳለሁ ብሎ ይወጣል። እሱም በተራው በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። ወንድም ሲጠፋ ጦቢያ ፀጉሯን አስተካክላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። የጠላት ንጉሥ ጦር ያገኛቸዋል። በዚያ ቤተ መንግሥት አንዲት የንጉሡ ዘመድ ወንድ መስላት በጦቢያ ፍቅር ትወድቃለች። ጦቢያ ሴት ነኝ ብትል አደጋ ነው፣ ዝም ብትልም አደጋ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንናገርም፤ ግማሹን ለራሳችሁ ተዉነው።

ይኸ ሁሉ በየት አገር ነው የሚሆነው? መጽሐፉ አይነግረንም። ከተማው ስም የለው፣ ንጉሡ ስም የለው፣ ዘመኑ አይታወቅም። ካርታ የሌለው አገር ነው። አንድ የጠፈር ልብ ወለድ የሚወድ ጓደኛችን ይኸን ሲሰማ፣ እንዲህማ ከሆነ ሌላ ፕላኔት ነው አለ። ሳቅን፣ ግን አልተሳሳተም። ከአፈወርቅ መጽሐፍ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1912፣ አሜሪካ ውስጥ የእርሳስ መቅረጫ ንግድ ላይ የነበረ ኤድጋር ራይስ በሮውዝ የሚባል ሰው በርካሽ መጽሔት ላይ በየወሩ የማርስን ታሪክ ማውጣት ጀመረ። አንድ ወታደር ማርስ ላይ ይገኛል፣ አራት ክንድ ያላቸው አረንጓዴ ፍጡሮች ይማርኩታል፣ አንዲት ልዕልት ትጠፋለች፣ ትፈለጋለች፣ ትገኛለች፣ እንደገና ትጠፋለች። ተከታዩ እየተጨመረ አሥራ አንድ ቅጽ ደረሰ። ዛሬ ልጆቻችን የሚያነቡት ወፍራም መጽሐፍ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ዕብራይስጡንም ብንመለከት እንዲያው ነው። ትምህርት ቤት ስሙን የምንሰማው አብርሃም ማፑ በ1853 አሃቫት ጽዮንን ያሳተመው ሊቱዌንያ ሆኖ ነው። የዕብራይስጥ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ይባላል። የሚናገረው በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ስለነበረች ኢየሩሳሌም ነው፣ ማፑ ግን ኢየሩሳሌምን በዓይኑ አላያትም። እዚያም አባቱ ተማርኮ የጠፋ፣ ማንነቱ ተደብቆ እንደ እረኛ ያደገ ልጅ አለ። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ኔፕልስ፣ አንዱ ቺካጎ፣ አንዱ ኮቭኖ፤ ሦስቱም ያልነበሩበትን አገር ጻፉ፣ በሦስቱም ውስጥ ሰው ይጠፋል፣ ሰው ይፈለጋል። እኛ የሚመስለን ልጁን ከራት የሚያስቀረው የጠፈር መርከቡ አይደለም። የጠፋው ሰው ይገኝ ይሆን የሚለው ነው። ገጹ ሰባት መቶ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሰው ቶሎ ከተገኘ ፍለጋው ምን ፍለጋ ነው?

ወላጆች ይኸን ከኛ በላይ ያውቃሉ። በሱዳን መንገድ የመጡት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን እየተደበቁ፣ ማንነታቸውን ለማንም ሳይናገሩ ነው። በመጠለያ ጣቢያ የጠፋ ወንድም፣ በ1984 መጨረሻ አውሮፕላን ላይ ተሳፍሮ እናቱን ወዲያ ማዶ የተወ ልጅ፣ በየቤቱ አለ። ከነሱ አንዳንዱ ተገኝቷል፣ አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አባቶች ልጃቸው ውሸት ታሪክ ያነባል ሲሉ እኛ ደግሞ እናንተ ያልነገራችሁትን ታሪክ እየፈለገ እንዳይሆን ብለን ጠይቀናል። መልስ የሰጠን የለም። አንድ አባት ግን ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው ተነሥተው ሄዱ።

ስለ ጦቢያ ሌላም የምንለው አለን። የመጽሐፉ መጨረሻ አረመኔ የተባለው ንጉሥ ሃይማኖቱን ቀይሮ በመጠመቁ ነው የሚያምረው፤ ለደራሲው ማለታችን ነው። እኛ እንዲህ ያለውን መጨረሻ በደስታ አናነብም። ወላጆቻችንና አያቶቻችን በሚስዮንና በባለርስት መካከል ሃይማኖታቸውን ይዘው ለመቆየት ምን እንደከፈሉ እናውቃለን። መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ እኛ ግን በውስጡ ከተጠመቁት ወገን እንጂ ከአጥማቂዎቹ ወገን አይደለንም። ልጆች ሲያነቡት ይኸን ሳይነገራቸው እንዲያልፍ አንፈልግም።

ወደ ሰውየው እንመለስ። አፈወርቅ የዳግማዊ ምኒልክንም ታሪክ ጻፉ፤ የከዷቸውን ንጉሥ ሰማይ ድረስ አሞገሱ፣ አፄ ዮሐንስን ነቀፉ። ውሎ አድሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ታረቁ። ከ1922 እስከ 1925 የድሬ ዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ነበሩ፣ ነጋድራስ የሚለው ማዕረግም የነጋዴዎችና የቀረጥ አለቃ ማለት ነው። ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ ዳኛ ሆኑ፣ በ1931 ደግሞ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሮም ሄዱ። አገር ይቅር ብሏቸው ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ ዕድል ያገኘ ሰው ነበሩ።

ፋሺስት ጣልያን በ1935 ኢትዮጵያን ወረረ። አፈወርቅ ለሁለተኛ ጊዜ ከወራሪው ጋር ቆሙ። የዳኝነት ሹመት ሰጧቸው፣ አፈ ንጉሥ በሚለው በጥንቱ የዳኛ ማዕረግ ፈንታ አፈ ቄሣር ተባሉ። ይኸን ያደረጉት አዲስ አበባ ውስጥ በየካቲት 1937 ሰው በየመንገዱ ሲታረድ ባየ መንግሥት ሥር ነው። ያው መንግሥት በ1937 ጣልያናዊ ከአፍሪካዊ ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፣ በ1938 ደግሞ የጣልያን አይሁዶችን ከትምህርት ቤትና ከሥራ አባረረ። ጣልያናዊት ያገቡት አፈወርቅ ያንን ሕግ ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው ብናውቅ ደስ ይለን ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ ሰው ነበሩ። ታምራት አማኑኤል የኛ ሰው ናቸው፤ በ1888 ከጎንደር አካባቢ ተወልደው ከዶክተር ፋይትሎቪች ጋር ወደ አውሮፓ ሄዱ፣ ጣልያን አገር ፍሎሬንስ ተማሩ፣ አዲስ አበባ የአይሁድ ትምህርት ቤት መሩ። ጣልያንኛውንም፣ የጣልያንን መጽሐፍም እንደ አፈወርቅ ያውቁ ነበር። ወረራው ሲመጣ ግን አገር ጥለው ተሰደዱ እንጂ ለቄሣር አፍ አልሆኑም። በ1963 ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ። ስለሳቸው ሌላ ጊዜ ሰፋ አድርገን እንጽፋለን፤ እዚህ ያነሣናቸው ጣልያን አገር መማር ሰውን ከሃዲ ያደርጋል የሚል ካለ መልስ እንዲሆነው ነው።

በ1941 አገሩ ነፃ ሲወጣ አፈወርቅ ተያዙ። ወደ ጅማ ተላኩ፣ እዚያው በግዞት ሳሉ በ1947 ሞቱ።

መጽሐፏን በማትናሱ ክፍል ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየጮኽን ማንበብ ጀምረናል። አማርኛዋ ለኛ ይከብዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ ከአምስት ቃል አንዱን አናውቅም። ስለዚህ እናቶችና አያቶች ይመጣሉ፣ እነሱ ቃሉን ይፈቱልናል፣ እኛ ለታናናሾቻችን በዕብራይስጥ እንመልሰዋለን። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰው ነበርን፤ አሁን ወንበር ከሌላ ክፍል እናመጣለን። ጡብ የሚያህል መጽሐፍ የሚያነበው ልጅም ይመጣል፣ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ። አንዲት አያት አሉ፣ ማንበብ አይችሉም፣ አንድ ቀንም ቀርተው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ሰዓቱ ደርሶ መጽሐፉን ስንዘጋ ከወንበራቸው አልነሣም አሉ። ዋሕድ መገኘት አለመገኘቱን ሳይሰሙ ቤታቸው ገብተው እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነገሩን፣ እኛም አንድ ገጽ ጨመርን።